ሳያዩ መስጠት

ሰፈርተኛው ሐኪሟን «እሳቷ» ይላታል። እውነትም «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ መድኃኒት ጻፊልኝ» የሚል ሲመጣባት ትንቦገቦጋለች። «አፍህን ሳትከፍት እጅህን ትዘረጋለህ?»

ጉሮሮውን ካመመው አዋቂ ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ የሚገኝበት ከአስር አንዱ ቢሆን ነው፤ ከልጆችም ቢበዛ ሦስቱ። የቀረው የቫይረስ ጣጣ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ይህን ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል ተናግራለች። ሰዉ ግን እሺ ብሏት ይወጣና መንገዱን ተሻግሮ ፋርማሲው ውስጥ ይገባል። ባለፋርማሲው እንኳን ጉሮሮ ሊያይ፣ ቀና ብሎ ፊትም አያይም። «ቶንሲል ነው» ይልና ባክቴሪያ ብቻ የሚገድለውን እንክብል ከእሽጉ ላይ እየቆረጠ ይሸጣል። ገዢውም ትንሽ ሻል ሲለው የተረፈውን ለጎረቤት ያድላል። እሷ ይህንን በመስኮት እያየች ደሟ ይፈላል።

አንድ ጠዋት ያው ባለፋርማሲ ትንሿን ልጁን አቅፎ ክሊኒኳ በር ላይ ተገተረ።

«ዶክተር፣ ጉሮሮዋን አሟታል።»

«ምነው፣ መድኃኒቱ ቤትህ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ኧረ በደንብ ሳያዩዋትማ እንዴት ይሰጣታል! ልጄ እኮ ናት!»

እሳቷ ልጅቷን አባብላ አፏን አስከፈተች፣ ከጉሮሮዋ ናሙና ወስዳ መረመረች። ስትሬፕ የለባትም።

«ልጅህ መድኃኒት አያስፈልጋትም፣ ሞቅ ያለ ነገር አጠጣት» አለችና በመስኮቱ ወደ ፋርማሲው ደጅ ጠቆመችው። ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቁታል።

«እነዚያስ የማን ልጆች ናቸው?»