ከሰብር ተራራ ላይ የተነቀለው እስፒል

ባለፈው ሳምንት ከፌኸንሃይም ወደ ከተማ በሚሄደው ትራም ውስጥ አንዲት አሮጊት ጋዜጣቸውን ወንበር ላይ ትተው ወረዱ። የተጣለ ጋዜጣ ማንሳት ልማዴ ነው፤ ከሥራ ስመለስ እግሬ አብጦ ሌላ ምን ላድርግ? የሟቾችን ገጽ ገለጥኩ። እዚህ ጀርመን አገር የሞተ ሰው ስሙ በጥቁር መስመር ታጥሮ ይወጣል። አንዱን ሳየው ደሜ ፈላ። ሄር ዶክቶር! የጥርስ ሐኪሙ! ልጆቹ ከስሙ በታች «የደቡብ ዐረቢያ ቢራቢሮዎች ወዳጅ» ብለው አስጽፈውለታል።

«ወዳጅ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

የሞተ ሰው አይታማም ይባላል። ይባል። እኔ ቂም ቋጣሪ ነኝ፤ እናቴ እንኳ «አንቺ ቂምን ከጡት ጋር ነው የጠባሽው» ትለኝ ነበር፣ ያጠባችኝ ራሷ መሆኗን ረስታ። አንቱታውንም አልችልበትም። «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው፤ ስሙንም አላነሳም።

ነገሩ በእነሱ አቆጣጠር በ2009 ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ተዳብዬ እኖራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን የሄር ዶክቶር ፑትፍራው ነበርኩ፣ ቤት አጽጂ ማለት ነው። ሚስቱ ሞታበት፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። እንደ አገሩ ደንብ በአባቴ ስም «ፍራው በላይ»፣ ወይዘሮ በላይ ማለት ነው፣ ይለኛል፤ መጀመሪያ ሰሞን አባቴ የመጣ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። በምግብ ግን አይታማም። በፀደይ ከሰባት ዓይነት ቅጠል የሚያዘጋጁትን አረንጓዴ ስጎ ከተቀቀለ ዕንቁላልና ድንች ጋር አቅርቦ «ይብሉ» ይለኛል። መጀመሪያ ፊቴን አጨማድጄ ቀመስኩት፣ ኋላ ወደድኩት። አሁንም በየዓመቱ እሠራዋለሁ፤ ከእሱ ቤት ይዤ የወጣሁት ደግ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ሳሎኑ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ መሳቢያው ሁሉ በእስፒል የተሰካ ቢራቢሮ። ግድግዳው ላይ ደግሞ የዐረቢያ ካርታ ተሰቅሏል። ካርታው ላይ የተሰኩት ባለ ቀይ ራስ እስፒሎች አንዲት ቡናማ የደጋ ቢራቢሮ የተገኘችባቸውን ቦታዎች ያሳያሉ። ክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ነጥብ አላት፤ ሙቀት አትወድም፣ ቆላ አትወርድም። እስፒሎቹ ከሳዑዲው ዐሲር ተራሮች ይጀምሩና የሰሜን የመንን ከፍታዎች ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ሰንዓ አካባቢ ሲደርሱ ቀጥ። ከዚያ በታች አንድም የለም። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ይህች ቢራቢሮ የት ድረስ ትሄዳለች በሚል ጥያቄ ነው።

አንድ ቀን መስኮት እየወለወልኩ «ከዚህ በታች ተራራ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ተራራማ ሞልቷል። እዚያ ያያት ሰው ግን የለም» አለኝ።

«ወንድሜ አይቷታል» አልኩት።

ታናሽ ወንድሜ ተካ ከደሴ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የመን ከገባ በኋላ፣ ከታኢዝ ከተማ በላይ በተንሰራፋው የሰብር ተራራ ላይ የጫት እርሻ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። እኔም ወደ ጀርመን ከመምጣቴ በፊት ታኢዝ ውስጥ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዓርብ ዓርብ ትኩስ ዳቦና የተመታ አብሽ የተደፋበት የየመኖቹን ወጥ ይዤለት እወጣ ነበር። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ላይ ሲደርሱ ግን አየሩ የደሴ አየር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ይመጣ የነበረ አንድ መምህር ለተካ ቢራቢሮ መያዝ አስተማረው፤ ወረቀት በሦስት ማዕዘን አጥፎ መጠቅለልን፣ ላዩ ላይ ቦታና ቀን መጻፍን። መምህሩ ቀረ፤ ተካ ግን አልተወውም። ጋዜጣ እየቀደደ፣ በእርሳስ በአማርኛ እየጻፈ ያጠራቅማል። ያችን ቡናማዋን ከእርከኖቹ በላይ ድንጋይ ላይ ክንፏን ዘርግታ ስትሞቅ እኔም በዓይኔ አይቻታለሁ።

ሄር ዶክቶር ይህን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። «ያስልኩልኝ! የወንድምዎ ስም ይጻፋል፣ ቃሌ ነው» አለኝ።

ማታውኑ ለተካ ደወልኩለት።

«እታለም፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። «ተራራዬ ካርታው ላይ ይግባልኝ፤ ከጎኑ ስሜ ይኑር። እዚህ እኮ መጅኑን፣ እብዱ ነው የሚሉኝ። ቢራቢሮ የሚያባርር ዘበኛ እያሉ ይሥቁብኛል።»

ከሁለት ወር በኋላ አንድ መንገደኛ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ አመጣልን። ሠላሳ ምናምን የጋዜጣ ጥቅል ነው። ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን፤ እኔ እያነበብኩ እሱ ይጽፋል። «ሰብር ተራራ፣ ከላይኛው እርከን በላይ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1996፣ ተካ በላይ።» ሚያዝያን ኤፕሪል ብዬ ተረጎምኩለት። ዓመቱ በቁጥር ስለሆነ ራሱ አነበበው። የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ትዝም አላለኝ። ተካ በሚያውቀው ዘመን ጽፏል፣ እኔም እንደጻፈው አንብቤያለሁ፤ እዚህ አገር ቢያንስ አንዴ ዓመተ ምሕረት ያላምታታ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

ሄር ዶክቶር ተነሥቶ ከሰንዓ ወደ ታች በጣቱ እየተከተለ ሄደና ሰብር ላይ ቀይ እስፒል ሰካ። ከሁሉም በታች፣ ብቻውን። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ተመለከተው። እኔም ዕንባዬ መጣ፤ የተካ ተራራ ገባ ብዬ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ መሳቢያዎቹን ስወለውል የተካን ቢራቢሮዎች አየኋቸው። በወግ ተዘርግተዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ጥፍር የምታህል የታተመች ወረቀት አለች። የመን፣ ሰብር ተራራ፣ ኤፕሪል 1996። ቀጥሎ የሰብሳቢው ስም። የማን? የሄር ዶክቶር! አንዷን አየሁ፣ ሁለተኛዋን አየሁ፣ ሁሉም ሥር እሱ ነው።

«የወንድሜ ስም የታለ?» አልኩት፣ ጨርቁን እንደያዝኩ።

አላፈረም እኮ! «ፍራው በላይ፣ በ1996 እኔም የመንን ጎብኝቼ ነበር። የደረስኩት ሰንዓ ድረስ ነው፤ ይህን ግን ማን ይጠይቃል? ወንድምዎ ሳይንቲስት አይደለም። በዘበኛ ስም ቢወጣ ማንም አያምነውም፤ በእኔ ስም ከወጣ ግን ቢራቢሮዋ ትታመናለች። ወንድምዎን ዕቃ ተሸካሚዬ ነበር እላለሁ፤ እሱም ክብር ነው።» ከዚያ ወደ ኩሽና ሄደና የፕለም ኬክ ቆርጦ አመጣልኝ።

ተሸካሚ! በእነሱ 1996 ተካ ደሴ ውስጥ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ነበር። ዓመቱ የእኛ መሆኑ ብልጭ ያለልኝ ያን ጊዜ ነው። የእኛ 1996 ለእነሱ 2004 ነው! ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ ኬኩን እንደ ውለታ አድርጎ ዘርግቶልኛል። አፌን ዘጋሁ። ቆይ ብቻ፣ ቆይ አንተ ሰውዬ አልኩ በልቤ። ኬኩንም በላሁት። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ የዚያን ሰሞን ጸሎቱን ተውኩት።

ባዶ መጠቅለያዎቹ ቆርቆሮው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው የሥራ ቀኔ አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። የዐረብ ጽሑፍ ባላነብም ቁጥሩን ታኢዝ ገበያ ለምጄዋለሁ። አንደኛው ከጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ የተቀደደ ነው፤ ከላይ ቀኑ፣ አጠገቡ 2004 የሚል የዐረብ ቁጥር። ከሥሩ በተካ እጅ በእርሳስ 1996። ልቤ ዘለለች። ሄር ዶክቶር ዐረብኛ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ለማኅበሩ ሲያቀርቡ መጠቅለያውንም ያሳዩ እንጂ» አልኩት። «ሰው አሮጌ ወረቀት ይወዳል።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው!» አለ ደስ ብሎት። «የትኛው ያምራል?»

«ይሄኛው» አልኩና ሰጠሁት።

የቢራቢሮ ወዳጆች ማኅበር የሚሰበሰበው ሪደርቫልድ ውስጥ ካለ አንድ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ነበር። የመከር ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መንገዱ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ክፍሉ ከፖም በሚጠምቁት መጠጣቸው ጎምዛዛ ሽታና በተጠበሰ ሽንኩርት ታፍኗል። ሣጥኖቹን እንድሸከምለት ነው የወሰደኝ። የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ለሰርግ የተጠራሁ ይመስል ነበር።

ተናገረ። አይ መናገር! ተራራውን እንዴት እንደወጣ፣ ፀሐይዋ እንዴት እንዳቃጠለችው፣ መረቡን እንዴት እንደወረወረ። ከቤቱ አውልቆ ባመጣው ካርታ ላይ ያችን ብቸኛ እስፒል አሳየ፤ አጨበጨቡለት። በመጨረሻ የመጠቅለያው ፎቶ በትልቁ ግድግዳው ላይ በራ። «ከተራራው እንደወረድኩ ተሸካሚዬን ያስጻፍኩት ነው፣ በዚያችው ዕለት» አለ።

ከኋላ አንዲት ሴት ሣቀች። የአንዱ አባል ሚስት ናት፣ የሰንዓ ተወላጅ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስታዛጋ ነበር። «ይቅርታ» አለች። «ይህ እኮ የ2004 ጋዜጣ ነው። ቀኑ ከላይ ተጽፏል። በ1996 የተያዘች ቢራቢሮ ከስምንት ዓመት በኋላ በታተመ ጋዜጣ እንዴት ተጠቀለለች?»

አንዱ ሣቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ሄር ዶክቶር «ምናልባት ወረቀቱ ኋላ ተቀይሮ ይሆናል…» ብሎ ተንተባተበ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ «ጽሑፉ ግን እዚሁ ጋዜጣ ላይ ነው ያለው። በዚያችው ዕለት ነው ብለዋል» አሉት።

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እሰይ፣ እሰይ! ፊቱ በርበሬ መሰለ። በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ። «ፍራው በላይ! ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይንገሯቸው!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «እኔ ቤት አጽጂ ነኝ» አልኩ በጥሩ ጀርመንኛ። «ሳይንቲስት አይደለሁም።»

የባሰ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ያን ያህል ከልቤ የሣቅሁበት ቀን ብዙ የለም።

ሰብሳቢው ግን አልሣቁም። ተነሥተው ወደ ካርታው ሄዱ። «መረጃው የሚታመን አይደለም፤ ይወጣል» አሉና ሰብር ላይ የተሰካውን እስፒል በሁለት ጣታቸው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ሣቄን ገታሁ። እስፒሉ እኮ የሄር ዶክቶር አልነበረም። የተካ ነበር። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ከተናገርኩ ሰውየው «አያችሁ፣ ያሳሳተችኝ እሷ ናት» ብሎ የሚያመልጥ መሰለኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ኀፍረቱ ጣፈጠኝ። ትንሽ ይቀመጥበት፣ ለዕረፍት ሲነሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወዲያው ስለ በጋው የሽርሽር ጉዞ መነጋገር ጀመሩ፤ እሱ ካርታውንና ሣጥኖቹን ሰብስቦ በጓሮ በር ወጣ።

ማክሰኞ እንደ ልማዴ ሥራ ገባሁ። የተካ መሳቢያ ባዶውን ነው። የሳሎኑ ምድጃ አፍ እስከ ገደፉ አመድ ሞልቶታል፤ አመዱ ውስጥ ያልነደደች የጋዜጣ ጠርዝ ትታያለች። ሄር ዶክቶር ቁልፉን እንድመልስ ነገረኝ፤ ቤቱን ግን ጨርሼ እንድሄድ ፈለገ። አመዱን ጠርጌ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ሮጥኩ። ሰብሳቢው ቤት ሄጄ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አስረዳሁ፤ እሳቸውም በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። «የሚሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። «ግን ቢራቢሮዎቹ የታሉ?»

ተካ ቆርቆሮውን ከላከ ወዲህ የመንን ለቆ አገሩ ገብቷል፤ ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ደውዬ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«እስፒሉን ሲነቅሉት አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ትሥቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ አይቻታለሁ፣ እታለም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እስካሁንም አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመን ጦርነት ገባ። ታኢዝ ተደበደበች፤ ቢራቢሮ ፍለጋ ሰብር ላይ ልውጣ የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ሄር ዶክቶርም ሞተ። ይቅርታ ሲጠይቀኝ አብረን ሄደን እውነቱን እናስመዘግባለን እያልኩ ስጠብቀው ነበር፤ ይኸው ሳይጠይቀኝ ሄደ። ትራሙ ውስጥ ተቀምጬ ላዝንለት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ዛሬም ያ ቅዳሜ ቢመለስልኝ የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ እሄዳለሁ፣ ያንኑ መጠቅለያ መርጬ እሰጠዋለሁ፣ ፊቱ ሲቀላ እስኪበቃኝ እሥቃለሁ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ካርታው ሲዘረጉ እነሣና ሦስት ቃል እናገራለሁ፦ ዓመቱ የእኛ ነው።