ለተሳዳቢያችን የላክኩት ድምፅ

ልጆቹ ናቸው ጻፊ ያሉኝ። ስንጫወት ትንሿ የልጅ ልጄ፣ «አኮ፣ ያ ታላቅ እህቴ ስለ ስልክ የምትጽፍበት ነገር ምን ነበር? አንቺም በድምፅሽ ለሰው ትመልሺ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። በእኛ ቤት አያት አኮ ነው የምትባለው። እውነት ነው አልኳት። «እንግዲያው ጻፊው!» ብለው ሁሉም ተንጫጩብኝ። ጻፊ ማለት ቀላል ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል ያወቅኩት ባሌ በጆንያ ላይ የባለ ዕቃውን ስም በቀለም ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። አሁንም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። እሺ፣ እንደ መጣልኝ ልጻፈው።

ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ግን ልጆች ሲበተኑ ቅርቡም ይርቃል። ታላቋ የልጅ ልጄ ናይሮቢ ተምራ በኬንያ በኩል ወዳለችው ሞያሌያችን ስትመለስ ሥራ አጣች። ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነላትም፤ በአማርኛ ድረ ገጽ ከፈተች። ሦስት ነበሩ። እሷ፣ ከሄሉ ሰፈር የምትመጣ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ የምትመልስ ጓደኛዋ፣ ከኦዳ መንደር የሚመጣ አንድ ስልክ ጠጋኝ። ቢሯቸው የእኔ በረንዳ ነው። ማንም አይከፍላቸውም። የትኛው ስልክ ባትሪው ይቆያል፣ ኔትወርክ የት ደረሰ፣ በስልክ ገንዘብ የሚያጭበረብሩት ሰዎች ምን ብለው ይደውላሉ፣ ይህን ይህን ይጽፋሉ። የሚያነባቸውም ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ወደ ደቡብ የሚያልፈው መንገደኛ ነው።

ከአስር ሶላት በኋላ ይሰበሰባሉ። እኔ ሻይ በወተት አፈላለሁ፣ ማንዳዚ ጠብሼ አቀርባለሁ። ጠጋኙ በማንዳዚ ዘይት የራሰ ጣቱን ወደ ላፕቶፑ ሲሰድ የልጅ ልጄ ትጮሃለች።

«እጅህን! እጅህን አልኩህ!»

«ተይኝ እንጂ፣ ቁልፉ ደርቋል፤ ዘይት ነው የሚያለሰልሰው» ይላታል።

ያ ሳቅ አሁን ከበረንዳው ሄዷል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ሳላስበው ለአራት ሰው የሚሆን ወተት ጥጄ እገኛለሁ።

አንባቢ ከጽሑፋቸው ሥር የሚጽፈውን ስድብም ያነቡልኝ ነበር፤ እኔው ነኝ አንብቡልኝ የምላቸው። ናይሮቢ ያለ አንድ ሰው የአማርኛቸውን ስህተት እንደ እንክርዳድ ይለቅም ነበር። ሌላው ደግሞ፣ «ይሄ ምን ቴክኖሎጂ ነው? ዓለም ስለሚያስብ ማሽን ያወራል፣ እናንተ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ትጽፋላችሁ» አለ። ጠጋኙ፣ «የሚያስበውም ማሽን ቻርጅ ካለቀበት አያስብም በይው» አለ። እንደዚያው ጻፈችለት። ሰውየውም ሳቀ፤ ወዳጅ ሆነ።

አንዱ ግን አልሳቀም። በየጊዜው እየመጣ ያንኑ ይጽፋል። «ውሸታሞች! ድንበር ላይ ተቀምጣችሁ ቆርቆሮ የምታሻሽጡ ደላሎች! ስንት ተከፈላችሁ?»

«ተከፍሎን ቢሆንማ ይህን እግሩ የተሰበረ ወንበር በለወጥነው» አለ ጠጋኙ።

የልጅ ልጄ አልሳቀችም። አባቷ፣ የእኔው ልጅ፣ የከብት ነጋዴ ነው፤ በስሙ ነው የሚኖረው። በሶኮ፣ በከብት ገበያው፣ ሰዎች «ልጅህ ከስልክ ሻጮች ትቀበላለች አሉ» ብለውት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «እንዲህ የሚል ሰው ዳግመኛ ብሰማ ይህን ነገር ትዘጊዋለሽ» አላት። እሷም ለአባቷ ቃል የምትመልስ ልጅ አይደለችም። ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። ያ ድረ ገጽ ከተዘጋ ልጅቷ በምን ቀና ብላ እንደምትሄድ እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ የሰውየውን ጽሑፍ ሁሉ ልትሰርዘው ተነሳች። ቆይ አልኳት።

እኔ ልጅ ሆኜ ወሬ በእግር ነበር የሚመጣው። ከጎልቦ ቆላ ግመል እየነዳ የመጣ ሰው ውሃ ይሰጠዋል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ዝናብ አለ? ሣር አለ? ማን ታመመ? ማን ወለደች? የዋሸ እንደሆነ ማንም አይሰድበውም። በሌላ ቀን ሲመጣ ውሃ ይሰጠዋል፤ አይጠየቅም። ዝም ብሎ ጠጥቶ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እንዲህ የተደረገበት አንድ ሰው አውቃለሁ፤ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ፣ ከእኛ ሰፈር ጠፋ። ይህን ነገርኳትና፣ «የሚሰድብሽ ሰው ገና እየጠየቀሽ ነው። የማይጠይቅሽን ፍሪ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

መጻፉ ያዘገየኛል፤ ስልኩን አስጠግታልኝ በድምፅ ተናገርኩ። «ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? በእናንተ በኩል ዝናብ አለ ወይ? እኔ የዚህ ቤት አሮጊት ነኝ። ስድብህን ሰምቻለሁ፤ ምን እንዳደረግንህ ግን አልነገርከንም። በሞያሌ ካለፍክ ግባና ተቀምጠህ ስደበን። ቆሞ መሳደብ ያደክማል።» እየሳቁ ከስድቡ ሥር ለጠፉት።

ስድቡ ቆመ። ተወን ብለን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ቦዳ ቦዳ ደጃችን ላይ ቆመ፤ ከሞተሩ አንድ ቁመተ ረጅም፣ ዓይኑ የመንገድ አቧራ የጠገበ ሰው ወረደ።

«ድረ ገጹ እዚህ ነው?»

«ድረ ገጹ እንኳ ሰማይ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ነን እዚህ ያለነው» አለው ጠጋኙ።

«የሰደብኳችሁ እኔ ነኝ።»

የሄሉዋ ልጅ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እኔ፣ «እንግዲያው ግባ፣ ደክሞህ ይሆናል» ብዬ ደህናውን ወንበር ሰጠሁት።

የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መኪናውን ጉምሩክ አቁሞ ወረቀት እስኪያልቅለት ነበር የመጣው። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጣ። ልጆቹ ወዲያው አወቁት። ቁልፉ ትልልቅ፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ለአሮጊት እናት የሚሆን ብለው ያሞገሱት ስልክ ነው።

«እናንተን አምኜ ከዚሁ ከሞያሌ ገዛሁት» አለ። «አገር ቤት ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። መርቃኝ አትጠግብም ነበር። ጥቂት ሠራና ተዘጋ። እኔ ኬንያ መንገድ ላይ ነኝ። ብደውል፣ ብደውል የለም።»

«እናትህስ?» አልኩት።

ሻዩን አነሳ። ወደ ልጅ ልጄ አየት አደረገና፣ «ትንሽ ተጨነቀች» አለ።

ጠጋኙ አቀርቅሯል። «ቀረጥ ያልተከፈለበት፣ ያልተመዘገበ ስልክ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ይዘጋል» አለ።

«ታውቅ ነበር?» አለችው የልጅ ልጄ።

«አውቃለሁ። ግን እኛ እኮ በዚህ በኩል ነን። ደጄ ላይ ሲሠራ ስለማየው... እንዲያው አልመጣልኝም።»

እውነቱን ነው። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ሁለቱንም ማዶ የሚያይ ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን ደጁን ነው።

«እኛ አልሸጥንልህም» አለች የልጅ ልጄ ቀስ ብላ።

«አልሸጣችሁልኝም። ያመንኩት ግን እናንተን ነው።»

ጓደኛዋ፣ «ጽሑፉን ዝም ብለን እናስተካክለው፤ ማን ያስታውሰዋል?» አለች። ጠጋኙም፣ «ስህተታችንን ካወጣነው የሰደበን ሁሉ ‹አላልኳችሁም?› ይላል፤ አባትሽም ይሰማል» አለ። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞረች። የአባቷ ነገር እንዳስፈራት ዓይኗ ላይ ይታያል።

«እኔ ስለ ስማችሁ አላውቅም» አልኳት። «ግን መንገድ ተሳስተሽ ያመለከትሽው ሰው ገና እየሄደ ቢሆንስ? ሌላም እናት ያንን ስልክ ይዛ ተቀምጣ ይሆናል።»

ላፕቶፑን ወደ ጉልበቷ ሳበች። ሰውየው አጠገቧ ተጠግቶ ማዘዝ ጀመረ፤ የሾፌር ነገር።

«‹ይቅርታ›ውን ከላይ አድርጊው፤ ከታች ማን ያየዋል? ስልኩን መጀመሪያ ጉምሩክ አሳይቶ ማስመዝገብ ነው በይ። ‹ውድ አንባቢዎቻችን› የሚለውን አውጪው፤ ስብሰባ ያስመስለዋል።»

«ስትሰድብ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅክም» አለችው።

ሳቀ። ያኔ ነው ፊቱን በደንብ ያየሁት፤ ለካ ልጅ እግር ነው። የራሷን ስም ከሥር ጽፋ አወጣችው።

ስድብ ዘነበ፤ አልዋሽም። አባቷም ሰማ፤ ለቀናት አላናገራትም። ነገር ግን ያ ሾፌር ለባልደረቦቹ ተናግሮ ኖሮ ከማዶ ወሬ ይመጣ ጀመር። «ይኼኛው እኛ ጋ ይሠራል፣ ያኛው ይዘጋል» እያሉ ሾፌሮች ይልኩላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ያልሞከረው ስልክ በዚያ ድረ ገጽ አልተሞገሰም። ልጄም አንድ ቀን በበረንዳው ሲያልፍ እንደ ዘበት፣ «ይኼ ስልክ ማዶ ይሠራል?» ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ለእኛ ቤት ዕርቅ ነበር። ድረ ገጹ ከዚያም በኋላ ቆየ፤ ለተቺዎቹም ድምፅ መላክ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። ስለ ላሞቻቸው የሚነግሩኝ ነበሩ።

አሁን ሲነኩት አይከፈትም አሉ። የልጅ ልጄ ናይሮቢ ሥራ ገባች፤ ጠጋኙ ኢሲዮሎ ሱቅ ከፈተ፤ የሄሉዋ ልጅ አግብታ ሄደች። በረንዳው ላይ ያ እግሩ የተሰበረ ወንበር አለ፤ ዶሮ ትቀመጥበታለች።

ከተበተኑ በኋላ ነው፣ ከዓመታት በኋላ፣ አንዲት ሴት ወደ ደቡብ ስታልፍ ሰላም ልትለኝ የገባችው። የዚያ ሾፌር እህት ናት። ሻይ ሰጥቻት፣ የእናታቸውን ደህንነት ጠየቅኩና፣ «ያኔ በስልኩ ነገር ትንሽ ተጨንቃ ነበር አሉ» አልኳት።

ብርጭቆዋን ይዛ ቀረች። «ትንሽ ነው ያላችሁ? እማማ፣ በዚያ ሰሞን በኬንያ መንገድ መኪና ተገልብጦ ሾፌሩ ሞተ የሚል ወሬ ደረሰን። ወንድሜ ኬንያ ሲገባ ቁጥሩን ይቀይራል፤ እሱ ካልደወለ እኛ አናገኘውም። እኔ ያኔ ስልክ የለኝም፤ ያ ስልክ ደግሞ ተዘግቷል። እናቴ ጥቁር ለበሰች፣ ድንኳን ተጣለ። እሱ ከመኪና ሲወርድ የደረሰው የገዛ ራሱን ለቅሶ ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን ደበቀን?»

«ሊነግራችሁ ነበር እኮ የመጣው» አለች። «ጸሐፊዋን ሲያያት ልጅ ሆነችበት። ‹ይህን ከሰማች ዳግመኛ አንድ ቃል አትጽፍም› ብሎ ዋጠው።»