የአርብ አዳር

በዚያ የብርድ ወራት ወደ አዳር ጸሎት የሄድኩት ለጸሎት ነበር ወይስ ለመኝታ? ባለፈው አርብ አንድ ሽማግሌ ለአዲስ ምእመናን ሲያስተዋውቁኝ «እህታችን ከልጅነቷ ጀምሮ የጸሎት ሰው ናት» ሲሉ ጥያቄው ተመልሶ መጣብኝ። መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ያኔ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። የምኖረው ከሌሎች ልጆች ጋር በክለቡ ቤት ነበር። ጉልበቴን ታምሜ ስነሳ አሠልጣኟ ጠራችኝና ለታችኛው ሊግ ቡድን በውሰት እንደምሰጥ ነገረችኝ። «ጥቂት ወር ነው፤ ተጫውተሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ። ክፍሌ ግን በዚያው ሳምንት ለሌላ ልጅ ተሰጠ። አዲሱ ቡድን የሚከፍለው ለተጫወትኩበት ግጥሚያ ብቻ ስለሆነ፣ ለአከራይ የማሳየው ደመወዝ አልነበረኝም።

ዊልስደን በሚባል ሰፈር፣ ሂሩት የምትባል፣ ሆቴል ማታ ማታ የምትሠራ ልጅ አልጋዋን አካፈለችኝ። እሷ ስትወጣ እኔ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስትመለስ እነሳለሁ።

«ተነሺ አንቺ! ዋንጫ ያመጣሽ አስመሰልሽው እኮ» ትለኛለች ከበሩ።

«አልጋውን አሙቄልሻለሁ።»

«እሱን ከኪራዩ እቀንስልሻለሁ።»

ከዚያ እስከ ማታው ልምምድ መሄጃ የለኝም። የእርጥብ ካፖርት ሽታ የሞላበት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሚያሳፍረኝ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ውሎ አድሮ ማንበብ ጀመርኩ። ዘግይቼም ቢሆን ወደ ትምህርት የመለሰኝ ያ ሥራ ፈትነት ነው።

አርብ ግን ሂሩት ዕረፍት ናት፤ አልጋው የእሷ ነው። ስለዚህ ብሪክስተን በሚባለው ሰፈር ቤተ ክርስቲያናችን ወደሚያደርገው የአዳር ጸሎት እሄዳለሁ። ከኋላ ተንበርክኬ፣ ግንባሬን ወንበር ላይ አስደግፌ እተኛለሁ። አንድ ቀን ሲነጋ፣ ሻይና ዳቦ የሚያድሉት እትዬ አስቴር ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እንዳንቺ የምትጸልይ ወጣት አላየሁም። ምን ብለሽ ነው የለመንሽው?»

«ማደሪያ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጃቸው አግብታ ክፍሏ ባዶ እንደሆነም አውቅ ነበር።

«ወደ ቡድኔ እንዲመልሰኝ» አልኳቸው።

«ይመልስሻል!» ብለው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። በሳምንቱም የወጣቶች ጸሎት መሪ አስደረጉኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ይነገራል? ክለቡም አልመለሰኝ፤ እትዬ አስቴርም ሳልነግራቸው አረፉ።

ባለፈው አርብ አዳሩ አልቆ እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ስገባ፣ እዚሁ ሰው አገር ተወልዳ ያደገችውን ሳሮንን የስፖርት ካልሲዋን ስታጥብ አገኘኋት። ሆኪ ትጫወታለች። ዋናው ቡድን በቅርቡ ወደ ታችኛው ሊግ እንደላካት ሰምቼ ነበር።

«ሳሮንዬ፣ የት ነው የምታድሪው?»

«አይም ፋይን፣ ደህና ነኝ እትዬ። ለጸሎት ነው የመጣሁት» አለች፣ ካልሲውን ከጀርባዋ እየደበቀች።

«እኔም እንደሱ ነበር የምለው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በሩን ዘጋሁና የሂሩትን አልጋ፣ የአርቡን እንቅልፍ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ይህን ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የተናገርኩት ለእሷ ይሁን ለራሴ እንጃ፤ ብቻ እስክጨርስ ድረስ ካልሲው ከእጇ መሬቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፣ ሁለታችንም አልጨመቅነውም።