ጠቦቴን የወሰደው አሞራ

ደጀን ላይ የመኪናችን ጎማ እስኪቀየር ገደሉ አፋፍ ቆሜ ሳለ፣ አጥንት ከሰማይ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ቀና አልሁ። ደረቱ ዝገት የመሰለ፣ ጅራቱ እንደ ሽብልቅ የሾለ ትልቅ አሞራ ያንዣብብ ነበር።

እንዲህ ያለ አሞራ ያየሁት በልጅነቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በፋሲካ ማግስት፣ ደምበጫ አጠገብ ባለው ቤታችን፣ ያሳደግሁት ጠቦት ጠፍቶብኝ ሳለቅስ አባቴ ወደ ሰማይ ጠቆመኝ።

«ያውልሽ፤ እሱ ነው የወሰደብሽ።»

ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ፣ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱኮ ከአጥንት ሌላ አያምረውም። ምነው ሰው በበላው ወፍ ያማሉ?»

«አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ!» አላት።

የአክስቴ ነገር አልገባኝም፤ አባቴን አመንሁ። አሞራውን እየረገምሁ ድንጋይ ወረወርሁበት።

ደጀን ላይ አሞራው ምን እንደሆነ ሹፌራችንን ጠየቅሁት። «ጆፌ ነው። አጥንት ሰብሮ መቅኔውን ይበላል እንጂ የቆመ በግ ሲያነሳ አላየሁም» አለኝ። ከአንድ ምንጭ ሰምቼ መተው ልማዴ ስላልሆነ አባቴ ጋ ደወልሁ።

«አባዬ፣ ያን ጠቦቴን ማን በላው?»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎድኑን አንቺ ነሽ የበላሽው፤ ያውም ጨምሩልኝ እያልሽ።»