ልጄ ኳስ ስትጠብቅ

ልጄ በረኛ ናት። አምና ቱላ ከተማ ሄደው ሲጫወቱ ኳስ ለመያዝ ከግቧ ስትወጣ ከሌላው ቡድን አጥቂ ጋር ተጋጨች። የልጅቷ እግር ተሰበረ። ዳኛው ጥፋት ነው አላለም። ልጄ ግን አጥንቱ ሲሰበር ሰምታለች።

ልጅቷን ቤቷ ሄደን ጠየቅናት። እናቷ በደግ ፊት ተቀበለችን፤ አብረን ጸለይን። እግሯ ድኖ ትራመዳለች፤ ኳሱን ግን ተወችው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ከግቧ አልወጣ አለች። ኳስ ሲሻማ ባለችበት ትደርቃለች። አሠልጣኟ በዚሁ ከቀጠለች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት፤ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተምር የስፖርት መምህርም ላካት። መምህሩ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ እየተነፈሰች፣ ወጥታ ኳሱን ስትይዝ በሐሳቧ እንድታይ አዘዛት።

እኔ ይህን አላወቅሁም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሳሎን ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ዘርግታ አገኘኋት። እኛ ቤት እንዲህ የሚኮነው ለጸሎት ነው። ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ፤ ያን የሰማችውን የአጥንት ድምፅ በኢየሱስ ስም እየገሠጽኩ ጸለይኩ። አሜን ያልኩት ብቻዬን ነው።

"እማዬ፣ እየጸለይኩ አልነበረም። ኳስ እየጠበቅሁ ነበር።"

"መጣልሽ?"

"ሊደርስ ሲል አንቺ ያዝሽው።"

ሳቀች። ሳቋን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ድምፁ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሁልጊዜ ይመጣል አለች። መምህሩ እንዳታባርረው ነግሯታል፤ መጥቶ ይለፍ፣ አንቺ ኳሱን እዪ ብሏታል። ይህ ከበደኝ። እኛ እንዲህ ያለውን እናስወጣለን እንጂ መንገድ አንለቅለትም። የጸሎት ቡድናችንን ልጥራልሽ አልኳት።

"አትጥሪ፤ አጠገቤ ተቀመጪ" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እሷ ኳሷን ስትጠብቅ እኔ ጎኗ ሆኜ በዝምታ እጸልያለሁ። ውሎ አድሮ ድምፁን እኔም መስማት ጀመርኩ። የዚያን ቀን ሜዳው ላይ አልነበርኩም። ቢሆንም እሰማዋለሁ፤ የዚያችም ልጅ እናት ፊት አብሮ ይመጣብኛል።

ባለፈው ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ኳስ ከቀኝ ተሻማ። ልጄ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆመችና ወጣች። ከአንዲት አጥቂ ጋር ተላተመው ሁለቱም ወደቁ። ሰው ኳሱ በልጄ እቅፍ መሆኑን አይቶ አጨበጨበ። እኔ ድምፁን እየጠበቅሁ ሌላዋን አያለሁ። ልጄም የምታየው እሷን ነበር።

ልጅቷ ተነሣች። ካልሲዋን ሳብ አድርጋ፣ "ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው?" አለቻት።

ስለ ሁለቱም ጌታን አመሰገንኩ። ልጄ ኳሱን ከእቅፏ የለቀቀችው፣ ልጅቷ ሮጣ መሐል ሜዳ ከደረሰች በኋላ ነው።