ድስት ደፍተው ጣሪያ የወጡት ጋሽ ቆርቆሮ

ጋሽ ቆርቆሮ ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ግን መታወቂያቸው ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ጣሪያ ሲያለብሱ፣ አሸንዳ ሲያጥፉ፣ የሚያፈስ ሲደፍኑ ኖረዋል። ጣሪያ ላይ ሆነው ሰላም ቢሏቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ እንጂ አይመልሱም፤ አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሚስማር አለ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እትዬ መርፌ እንላቸዋለን። ስሙ በሥራቸው ይውጣላቸው ወይስ በምላሳቸው፣ እስካሁን አልተጣራም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ "ጋሽ ቆርቆሮ፣ የኔን ጣሪያ!" እያለ በሚሯሯጥበት ሰዓት፣ ሰውየው ከመሰላል ወረዱ። ምክንያቱ ቁራ ነው።

ነገሩን ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ። የትምህርት ቤቱን አሮጌ ጣሪያ እየቀየሩ ሳለ አንድ ቆርቆሮ ከእጃቸው አምልጦ ተንሸራተተ። ጠርዙ ላይ ገና መብረር የጀመረ የቁራ ጫጩት ቆሞ ነበር። ክንፉን መታው።

"ማንም ሰው አላየኝም" አሉኝ፣ መዶሻቸውን ጉልበታቸው ላይ እያገላበጡ። "ዝም ብዬ ሥራዬን ብቀጥል ማን ይጠይቀኛል? እሱ ግን አየኝ። አየኝ ስልህ፣ አየኝ።"

ጃኬታቸው ውስጥ ወሽቀው ቤት ይዘውት ገቡ። እትዬ መርፌ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ።

"ምንድነው እሱ?"

"ቁራ።"

"ቁራ መሆኑን ለማየትማ ዓይን አለኝ። እዚህ ምን ይሠራል?"

"ክንፉ ተሰብሯል። እኔ ነኝ የሰበርኩት።"

እትዬ መርፌ ከስፌታቸው ተነሱ። ከአልጋ ሥር ትልቅ ካርቶን ጎትተው አወጡና የጨርቅ ቁርጥራጭ አነጠፉበት።

ጋሽ ቆርቆሮ ደግሞ በሚያውቁት ገቡበት። ጣት የምታህል የቆርቆሮ ቁራጭ በመቀስ ቆርጠው፣ ጠርዟን በመዶሻ አለስልሰው፣ በክንፉ ልክ አጥፈው አሰሩለት። ሥራው እንከን አይወጣለትም። ቁራው ግን ልነሳ ሲል እንደ ተጫነ ጋሪ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

በማግስቱ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ስታየው ሳቋን መያዝ አቃታት።

"አባባ፣ ይሄ እኮ አሸንዳ ነው!"

"ዝገት አይነካውም" አሉ ጋሽ ቆርቆሮ።

"የወፍ አጥንት እንደ ገለባ ባዶ ነው፤ ብረት አይችልም።" ፈታችውና ክንፉን በራሱ አስተጣጠፍ አጥፋ፣ በስስ ፋሻ ከገላው ጋር ጠቀለለችው። ሦስት ሳምንት ጸጥ ያለ ቦታ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተከተፈ ሥጋ አዘዘችለት። "ደግሞ አያላምዱት። አይደባብሱት፣ አያናግሩት። ሰው የለመደ ቁራ ውጭ መኖር ያቅተዋል።"

እትዬ መርፌ ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ቤቴ የገባ ፍጡር አላናግርም? አንተን እንኳ ስንት ዓመት ሳትመልስልኝ አናግሬህ የለ!"

የባሰው ግን ውጭ ነበር። የጫጩቱ እናትና አባት፣ ሰውየው ልጃቸውን ወሽቀው ሲሄዱ አይተዋል። ቁራ ደግሞ አንዴ ያየውን ፊት አይረሳም። ጋሽ ቆርቆሮ በር ሲከፍቱ ከስልክ እንጨቱ ላይ ይጮሁባቸዋል፣ መንገድ ለመንገድ ይከተሏቸዋል፣ ከኋላ መጥተው ማጅራታቸውን ይነኳቸዋል። ባርኔጣ ቀየሩ፤ አወቋቸው። የባለቤታቸውን ሻርፕ ተከናነቡ፤ ቁራዎቹ አልተሸወዱም፣ ትርፉ የኛ ሳቅ ሆነ። ሥጋ ሻጩማ ባያቸው ቁጥር "የማንን ልጅ ነው የጠለፉት?" ይላቸዋል።

ሳቁ አንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ መሰላል አናት ላይ ደርሰው ሳለ ሁለቱም ቁራዎች ባንድ ጊዜ መጡባቸው። እግራቸው ከመወጣጫው ተንሸራተተ፤ የተረፉት አሸንዳውን ይዘው ነው።

"በቃ" አሉ እትዬ መርፌ። "ስድሳ ሦስት ዓመትህ ነው። ልጅህም ውረድ እያለች ስትለምንህ ሁለት ዓመቷ። በቃ።"

መሰላሉ ጓሮ ተጋደመ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እኩሌታው በላስቲክ እንደተሸፈነ ቀረ። ጋሽ ቆርቆሮ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ቀና ብለው የሰፈሩን ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ።

"ከታች ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል" አሉኝ አንድ ቀን። ቀጥለውም፣ "እሱ ከበረረ እወጣለሁ። ካልበረረ ግን እነሱም አይተዉኝ፣ እኔም ምን ፊት ይዤ እወጣለሁ?"

በሦስተኛው ሳምንት ፋሻው ተፈታ። ክንፉ ገጥሟል፤ ትንሽ ብቻ ወደ ታች ወረድ ብሏል። ቁራው ቤት ውስጥ ከስፌት መኪና ወንበር፣ ከወንበር ቁም ሳጥን እያለ መዝለል ጀመረ፤ በእትዬ መርፌ ደንበኞች ልብስ ላይ ያደረሰውን አልዘረዝርም። ሐኪሟ መጥታ አየችው።

"እናቱና አባቱ የሚያዩት ቦታ፣ ከፍ አድርገው ይልቀቁት። መሬት ላይ ድመት ይቀድመዋል።"

"ጣሪያ ላይ?"

"ጣሪያ ላይ።"

ጋሽ ቆርቆሮ ወደ ባለቤታቸው አዩ። እትዬ መርፌ ወደ ስፌታቸው ዞሩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ትልቁን ድስት ይዘው ብቅ አሉ፤ በሁለቱ እጀታዎች ጥብጣብ አሳልፈው ሰፍተውበታል፣ አገጭ ሥር የሚታሰር።

"ከወጣህ ይሄን ደፍተህ ነው።" ከዚያ ወገባቸውን አዩ። "መዶሻው ደግሞ ምን ሊሠራ?"

"ልማድ ነው" አሉ ጋሽ ቆርቆሮ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እትዬ መርፌና እኔ መሰላሉን ግራና ቀኝ ያዝን። ጋሽ ቆርቆሮ ድስታቸውን አስረው፣ ካርቶኑን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሦስተኛው መወጣጫ ላይ ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ መሰላሉ ለእጃችን ነገረን። እትዬ መርፌ፣ ያ ሁሉ አንደበት ያላቸው ሴት፣ መሰላሉን ብቻ ይበልጥ አጥብቀው ያዙ። ጋሽ ቆርቆሮ አራተኛውን ረገጡ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ቁራዎቹ ወረዱባቸው። ጓ! ጓ!

"ድስቴን!" ጮኹ እትዬ መርፌ።

ጋሽ ቆርቆሮ አጎንብሰው ካርቶኑን ጣሪያው ላይ አኖሩና ክዳኑን ከፈቱ። ጫጩቱ ወጣ። አዲሱ ቆርቆሮ አንሸራተተው፤ ጥፍሩ ሲቧጥጥ ታች ድረስ ተሰማን። እጃቸውን ሊዘረጉለት ብለው መልሰው ሰበሰቡ። ጫጩቱ ጠርዙ ጋ ደረሰ፤ ወደ ታች አየ፤ ራሱን ለቀቀ።

መጀመሪያ ወደቀ። ከዚያ ክንፉ አየር ያዘ፤ ወደ ግራ እያዘመመ ግቢውን አቋርጦ የስልክ እንጨቱ ላይ አረፈ። ጩኸቱ ባንዴ ቆመ። ሁለቱ ትልልቆች ሄደው ከጎኑና ከጎኑ ቆሙ፤ አንዷ አንገቱን በመንቆሯ መነካካት ጀመረች።

ጋሽ ቆርቆሮ ቁጭ ብለው ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ የጥብጣቡን ቋጠሮ ፈትተው ድስቱን አወለቁ። ቁራዎቹ ዞረው አዩዋቸው፤ ከቦታቸው ግን አልተነሱም።

"እንግዲህ ውረድ!" አሉ እትዬ መርፌ፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ከላይ ላስቲክ ሲገፈፍ ተሰማ፤ ቀጥሎ መዶሻ።

"አንተ ሰውዬ፣ አትሰማም? ውረድ እንጂ!"

ከጣሪያው ጠርዝ እጅ ብቻ ተወዛወዘ። አፋቸው ውስጥ ሚስማር ነበር።