የማዳም አውሮፕላን

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መርሳ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት እዚያው ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። ደንበኛ ሲጠፋ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ መብራት ሲሄድ ያየሁትን በቃሌ እየደገምኩ። አንድ ነገር አመሉ ከገባኝ ወዲያ መተው አይሆንልኝም። እናቴ "ይቺስ ከማሽን ጋር ነው የታጨች" ትላለች።

ታላቅ እህቴ ዐረብ አገር የቤት ሠራተኛ ነበረች። ማዳሟ የግል አውሮፕላን ካላቸው ሰዎች ወገን ነች። ብትነግረን አላመንናትም፤ አንድ ቀን የልጆቹን ሻንጣ ልትሸከም አውሮፕላን ማረፊያ ስትወሰድ ፎቶ አንሥታ ላከችልን። ነጭ፣ አፍንጫው ሹል፣ ከጅራቱ አጠገብ የምዝገባ ቁጥሩ የሚነበብ። ከዚያ ፎቶ በኋላ ስልኳ ጠፋ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። የላካት ደላላ "ማዳሞች ስልክ ይቀማሉ፣ የተለመደ ነው" አለን። እናቴ እህል አልወርድላት አለ።

እኔ ታዲያ አንድ ነገር አውቃለሁ። አውሮፕላን ሲበር ያለበትን ቦታ በሬዲዮ እየተናገረ ነው የሚሄደው። በየአገሩ ጣራቸው ላይ አንቴና የሰቀሉ ሰዎች ያንን ይሰሙና ለፈለገ ሁሉ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ያኖሩታል። ስርቆት የለበትም። እናም ያንን ቁጥር እየፈለገ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ቴሌግራሜ ላይ መልእክት የሚልክልኝ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣ ቀን ሱቁን ለጓደኛዬ ትቼ ቤት ሮጥኩ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከእርሻ ሲመለስ ጎራ ብሎ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ አውሮፕላኑ ተነሥቷል! ወደ ቱርክ ነው።"

"እህትሽስ?"

እኔ ሳልመልስ አጎቴ ሳቀ። "ልጆቹን ማን ሊይዝ ኖሯል? ማዳም ልጅ ታዝላለች?"

በዚህ አለቀ፤ እህቴ አውሮፕላኑ ላይ ናት ተባለ። እናቴ ተነሣች፤ ምንጣፏን ዘረጋች። መንገደኛ የለመነው አይመለስም ይላሉ እኛ ዘንድ ሸሆቹ። "አየር ላይ ናት፣ አሁን ዱዓዋ ይሰማል፤ እኛም እናግዛት" ብላ ጎረቤቶቿን ጠራች። መዳፋቸውን ዘርግተው "በሰላም አንሥቶ በሰላም ያሳርፋት" አሉ። አሚን። ከዚያ ወዲህ የእኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤታችን በሴቶች ይሞላል።

"መንገደኛዋ ዛሬስ የት ዋለች?"

"ስፔን።"

"ስፔን ከግራና ገበያ ይርቃል?"

"አንቺ ደግሞ! ከሐራ ከተማም ይርቃል!"

ደግሞ ይሳቃል። እናቴ መብላት ጀመረች፤ ፊቷ ተመለሰ። ረመዳን ሲገባ እንኳ "መንገደኛ ናት፣ ጾሙ አይያዝባትም፤ ኋላ ያለፋትን ቀን ጾማ ቀዷውን ታወጣለች" እያለች ልጇን በሌለችበት ታስፈጥራት ነበር።

አጎቴ ሱቅ ድረስ እየመጣ ኮምፒውተሩ ካርታ ላይ ባሕር የምታቋርጠዋን ትንሽ ቢጫ ምልክት ያያል። "የሰው ልጅ በእግሩ ጅቡቲ ሲል በረሃ በላው፤ የእቴ ልጅ በሰማይ ትሄዳለች" ይላል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ፈተናው ያልቀናት፣ ቤት የተቀመጠች ልጅ ነበረችው። ለእሷም ፓስፖርት ማስወጣት ጀመረ።

"ጋሼ፣ ይሄ የሚያሳየው አውሮፕላኑን ነው። ውስጡ ማን እንዳለ አያሳይም" አልኩት።

"ሰይጣን ነው የሚያጠራጥርሽ፤ አዑዙ ቢላህ በይ!"

እህቴ የመጣችው በዓመቱ ግድም ነው። ተመላሾችን በጫነ አውሮፕላን አዲስ አበባ ወርዳ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መርሳ። በእጇ አንድ ፌስታል ብቻ ነበር። አንገቷ ቀጥኖ ሻርፑ እንኳ አልያዝላት ብሏል። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ጎረቤታችን አቅፋ እየሳመቻት "ይብላኝ ለእኛ፣ አንቺስ አገሩን አዳረስሽው! ስፔን እንዴት ነው?" አለቻት።

"የምን ስፔን?"

ስልኬን አወጣሁ፤ አውሮፕላኑ የሄደበትን ሁሉ ነገርኳት።

"አውሮፕላኑን ያየሁት ፎቶውን ያነሣሁ ቀን ብቻ ነው" አለች። "ልጆቹን የምትይዝ ሌላ ሴት ነበረቻቸው። እነሱ ሲሄዱ እኔን ከውጭ ቆልፈውብኝ ነው የሚሄዱት። ሩዝና ደረቅ ዳቦ ትተውልኝ።"

እናቴ "በረመዳንስ?" አለቻት።

"በረመዳንም። ምግቡ ሲያልቅ የጾምኩት የትኛውን እንደሆነ ጠፋኝ።" በኋላ አንድ ቀን በሩ ሲከፈት ሮጣ ወጣች። ወረቀት የለሽም ተብላ ታሰረች፤ ከእስር ቤት ነው የመለሷት።

ፕሮግራሜ አልዋሸም። ቱርክ ያለው ጊዜ አውሮፕላኑ ቱርክ ነበር፣ ስፔን ያለው ጊዜ ስፔን። ይሄ ነው የሚመረኝ። የሀብታም አውሮፕላን "እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ" እያለ ሲያልፍ ዓለም ጣራው ላይ ወጥቶ ይሰማዋል። በሩ ስር ተቀምጣ የምትጮህን ሴት ጎረቤቷ አይሰማትም። ያ ሁሉ ዱዓስ ለማን ደረሰ? ለማዳም። በሰላም ተነሥታ በሰላም አረፈች። ያን ቀን ለምስጋና ዱዓ የተዘረጋውን ምንጣፍ ያጠፈችው እናቴ አልነበረችም፤ እኔ አጠፍኩት።

አጎቴ ጥጉን ይዞ ሁሉንም ሰምቷል። እህቴ የልጁን ፓስፖርት ነገር ሰምታ ነበርና ወደ እሱ ዞረች።

"ጋሼ፣ ልጅዎን አይስደዷት።"

"የአንቺ ማዳም ክፉ ሆና ነው። ሁሉም አንድ አይደለም።"

"ጋሼ፣ በአላህ።"

"አላህ የጻፈላትን ታገኛለች" አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ሰኞ ማለዳ ልጁን ይዞ በደሴ መኪና ተሳፈረ። ፓስፖርቷን ተቀብለው ማታውን ተመለሱ። ከአረፋ በኋላ በዚያው ደላላ በኩል ላካት።